አዝማሪዬ የያዛቸው ስንኞች

አራት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ጀማሪ ባርድ፣ በምንጫወተው የምናብ ጨዋታ ውስጥ ያለ ሙዚቀኛ ገጸ ባሕርይ፣ አራት ድግምት ያውቃል። በቀን ሁለቴ ብቻ ይጠቀምባቸዋል፤ ከዚያ ተኝቶ እስኪነሳ ድረስ እጁ ባዶ ነው። ካንትሪፕ የሚባሉ፣ እንዳሻው የሚደጋግማቸው ሁለት ትንንሽ ድግምቶችም አሉት። እኔ እነዚህን ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ማታ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ ሳነብ፣ ደብተር ላይ ስጽፍና ስሰርዝ ከረምኩ። እንዲያም ሆኖ ተሳሳትኩ። የተሳሳትኩት የጨዋታው ሕግ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። አዝማሪ ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ነው፤ ያውም ጎንደር ተወልጄ አድጌ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ያወጡት ነው። አንድ ሰው ይተርካል። የቀረነው እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ እንይዛለን፣ ምን እንደምናደርግ እንናገራለን። ይሳካል አይሳካም የሚለውን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወስናል። እኛ የምንጫወተው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን አምስተኛውን እትም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ማራኪ ሰፈር፣ የተራኪያችን እናት ቤት። አምስት ነን። ዳይሱን የአንዳችን ዘመድ ከውጭ ሲመጣ አመጣልን። ከዚያ በፊት ከ1 እስከ 20 የጻፍንባቸውን ቁርጥራጭ ወረቀቶች ሲኒ ውስጥ ከተን፣ እየነቀነቅን እያወጣን ነበር የምንጫወተው። ሲኒው አሁንም አለ። ዳይስ የጠፋ ዕለት ወደሱ እንመለሳለን።

ባርድ ወደዚህ ጨዋታ የገባው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በሙዚቃና በቃል ኃይል የሚሠራ፣ ከቤተ መንግሥት እስከ ጠጅ ቤት የሚዞር ሰው ነው። ይህንን ጎንደር ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው ሌላ ማንም አይታየውም። መሲንቆ የያዘ ሰው ነው የሚታየው። «አዝማሪ ነው የምሆነው» ስል ግን ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ዝም ተባለ። ነርሷ ጓደኛችን ጋሻና ጎራዴ ያላት ተዋጊ ይዛለች። መካኒኩ ቀስት ይዟል። «ቆይ፣ አንተ እየዘፈንክ እኛ ልንሞት ነው?» አለኝ መካኒኩ። አልፈርድበትም። ቃሉ ከግእዙ ዘመረ የመጣ ክቡር ቃል ቢሆንም፣ ልጅ ሆነን «አዝማሪ» ሰው ሲሰደብበት ሰምተናል። ጨዋታው ውስጥም ባርድን አጃቢ አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው። እኔ ግን ቆርጬ ነበር። ለአዝማሪዬ የትውልድ ታሪክ ስጽፍለት ፋሲል ግቢ ውስጥ ካለው የአፄ ዳዊት ሳልሳዊ የዘፈን አዳራሽ አስነሳሁት። እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 የነገሡት ንጉሥ ለዘፈን ብለው የድንጋይ አዳራሽ ያቆሙበት ከተማ ልጅ ነኝና፣ አዝማሪዬ አንገቱን ደፍቶ እንዲሄድ አልፈለግኩም።

እንግዲህ ያ ኩራት ነው መሰለኝ ያሳሳተኝ።

መጀመሪያ የመረጥኳቸው እነዚህ ናቸው። ስሊፕ፦ ጠላትን ያስተኛል። ቻርም ፐርሰን፦ ሰው እንዲወድህ ያደርጋል። ተንደርዌቭ፦ ከሰውነትህ የሚወጣ ነጎድጓድ አጠገብህ ያለውን ሁሉ ይገፈትራል። ዲስጋይዝ ሰልፍ፦ መልክህን ይቀይርልሃል። ሌቭል 2 ስንደርስ ደግሞ (ሌቭል ገጸ ባሕርይው እየተጫወተ የሚያድግበት ደረጃ ነው) የማላውቀውን ቋንቋ የሚያሰማኝን ጨመርኩ። ከካንትሪፕ የሐሰት ምስል የሚፈጥረውንና ከሩቅ ዕቃ የሚያነሳውን ያዝኩ። ዝርዝሩ መጥፎ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ይመርጣል። አንዱን ከሌላው ጋር ሳነጻጽር ግን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ይሄ ድግምት እኔን ምን ያደርገኛል?

በመካከሉ የቃሉ ነገር መጣ። የተራኪያችን እናት፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው፣ ቡና እያፈሉ ንግግራችንን ይሰማሉ። አንድ ቅዳሜ «ሁለት ድግምት ቀርቶኛል» ስል ጀበናውን ወደ ረከቦቱ መለሱና፣ «እናንተ ልጆች፣ ቤቴ ውስጥ ድግምት እየተባለ አይጠራ» አሉ። አልሳቅንም። ጎንደር ውስጥ ይህ ቃል የተረት ቃል አይደለም። የሚፈራ ደብተራ፣ የተጠቀለለ ክታብ፣ ደጃፍ ላይ የተቀበረ ነገር፣ በመስተፋቅር ቤቱን የተወ ባል፤ ሁሉም ሰው አንድ ታሪክ ሰምቶ ነው ያደገው። እማማ በእውነት ነው ያዘኑት። ስለዚህ ተመካከርንና ሌላ ቃል ፈለግን። አስማት አልን፤ እሱም ያው ነው። ከዚያ መካኒኩ «አንተ አዝማሪ አይደለህ? ስንኝ በለዋ» አለ።

ስንኝ አልነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኔ ባርድ ድግምት የለውም፣ ስንኝ አለው። ለእማማ ብለን የቀየርነው ቃል ነበር። ቀስ እያለ ግን የኔንም ሐሳብ ቀየረው። ድግምት አንድ ሰው ጨለማ ውስጥ ብቻውን የሚያነበንበው ነው። ስንኝ ግን ሰሚ ይፈልጋል።

ድልድዩ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሌቭል 2 ነበርን። ኦገር የሚባል ግዙፍ ፍጡር ድልድዩን ዘግቶ ቆመ። ነርሷ ፊት ወጣች፣ ተመታች፣ ወደቀች። ጨዋታው ውስጥ ስትወድቅ ወዲያው አትሞትም። በየተራህ ዳይስ ትጥላለህ፤ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ አንድ ተስፋ፣ ከ10 በታች ከሆነ አንድ ውድቀት። ሦስት ተስፋ ካገኘህ ትተርፋለህ፣ ሦስት ውድቀት ከሆነብህ አበቃ። ወድቀህ ሳለህ ጠላት በቅርብ ከመታህ ሁለት ውድቀት በአንዴ ይቆጠርብሃል።

ተራዬ ደረሰ። ገና የምጠቀምበት ኃይል ነበረኝ። የሚጠቅም ነገር ግን አልነበረኝም። ኦገሩ ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ ስሊፕ አይነካውም። ሰው ስላልሆነ ቻርም ፐርሰን አይሠራበትም። ነጎድጓዴ እዚያ አይደርስም። ሮጬም አልደርስም። ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ አየሁት። የሷ ተራ መጣ፣ ዳይሱን ጣለች፣ 6 ወጣ። ቀጥሎ ኦገሩ መታት።

ነርሷ ሌሊት ተረኛ ሆና አድራ፣ ሳትተኛ ነው የመጣችው። ሁለት ወር የተጫወተችበትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አልተቆጣችም። «ምንም አልነበረህም እንዴ?» ብቻ አለችኝ። በሥራዋ ላይ ይህንን ጥያቄ ስንት ጊዜ ትጠይቅ ይሆን ብዬ አሰብኩ። መድኃኒት አለ? ኦክስጅን አለ? ምንም የለም? የዚያን ቀን ማታ ከማራኪ ፒያሳ በእግሬ ወጣሁ። ጃንተከል ዋርካ ጋ ስደርስ እንኳ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ የአጎቴን ልጅ ይዤ አዝማሪ ቤት ገባሁ። እንግዳ ሲመጣ ነው የምንሄደው፤ ጎንደሬ በራሱ ከተማ እንዲህ ነው። ጠጅ በብርሌ ቀረበልን። አዝማሪው ወጣት ነው። መሲንቆውን እየገዘገዘ በየጠረጴዛው ዞረ። አንዱን አሞገሰ፣ አንዷን ነካ አደረገ፣ የአጎቴን ልጅ ጫማ አይቶ የአዲስ አበባን ጭቃ አነሳበት። ሰው «ተቀበል!» እያለ ስንኝ ይወረውርለታል። እሱም ይቀበላል። የተሰበረ ስንኝ ሲሰጠው አቃንቶ ነው የሚመልሰው። ሰጪው የራሱን ስንኝ ሲሰማ ይገረማል፤ እኔ እንዲህ ብዬ ነበር እንዴ የሚል ፊት ይታይበታል።

ጥግ ላይ አንድ ጎልማሳ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አዝማሪው ሲደርስባቸው አላሞገሳቸውም፣ አልነካካቸውምም። ድምፁን ቀንሶ ወደ ትዝታ ዞረ፣ ጎንበስ ብሎም አንድ ነገር ጠየቃቸው። ሰውየው ስንኝ አልነበራቸውም። «ልጄን ዛሬ አዘዞ ሸኘኋት» ብቻ አሉ። አውሮፕላን ማረፊያው እዚያ ነው። አዝማሪው ትንሽ ገዘገዘና ተቀበለ፦

አዘዞ ስወርድ መንገዱ ቀለለኝ፣
ሸኝቼሽ ስመለስ ዳገቱ ከበደኝ።

እውነትም ከአዘዞ ወደ ከተማ ሲመለሱ ዳገት ነው። ሁላችንም የምናውቀው ዳገት ነው። ሰውየው ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፣ ከዚያ ቀና ብለው ብርሌያቸውን አነሱ። ቤቱ በሙሉ አብሯቸው አነሳ።

ይሄን ሁሉ ያደረገው መሣሪያ አንድ ጅማት ነው ያለው። ያውም የፈረስ ጭራ። ቅኝቶቹም ያው የምናውቃቸው ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። አዝማሪው ብዙ ነገር ይዞ አልመጣም። ይዞ የመጣው ሰው የሚሰጠውን መቀበያ ነው። እኔ ደግሞ ለአዝማሪዬ የመረጥኩለት ሁሉ ለራሱ የሚሰጠው ነበር። ወረቀቴ ላይ ሌላ ሰው የሚቀበለኝ አንድም ስንኝ አልነበረም።

ሕጉ እኛ ባለንበት ደረጃ ሌቭል በጨመርክ ቁጥር አንድ አዲስ እንድትጨምርና ከድሮዎቹ አንዱን እንድትቀይር ይፈቅዳል። አንድ ብቻ። ስለዚህ ጥገናው ቀስ ያለ ነው።

መጀመሪያ ያወጣሁት ነጎድጓዱን ነው። በሱ ፋንታ ሂሊንግ ዎርድ ገባ፤ እኛ የፈውስ ቃል እንለዋለን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ነው። ኪዩር ዉንድስ የሚባል ሌላ ፈውስ አለ። እሱ ባለ 8 ገጽ ዳይስ ስለሚጣልበት ብዙ ይፈውሳል፤ የፈውስ ቃል ባለ 4 ገጽ ብቻ ነው። ቁጥሩን ያየ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል። ግን ኪዩር ዉንድስ በእጅ መንካት ይፈልጋል፣ ተራህንም ሙሉ ይበላዋል። የፈውስ ቃል 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ያህል፣ ይሄዳል፤ ተራህንም አይወስድብህም፣ ጎን ለጎን ሌላ ነገር ትሠራለህ። የወደቀ ሰው ደግሞ በአንድ ነጥብም ቢሆን ይነሳል። ድልድዩ ላይ ያቺ አንድ ነጥብ ትበቃን ነበር። አሁን ባርድ ለሚጀምር ሰው ሁሉ የምለው ይህንን ነው። ሌላውን እንደፈለግህ ምረጥ፣ የፈውስ ቃልን ግን ያዝ።

ቻርም ፐርሰንን ያወጣሁት በሌላ ምክንያት ነው። ጊዜው አንድ ሰዓት ነው፤ ሲያልቅ የተደረገበት ሰው ምን እንደተደረገበት ያውቃል። አንድ ጠባቂ ላይ ተጠቅሜበት፣ ተራኪያችን ከሰዓቱ በኋላ የሰውየውን ፊት ሲገልጽልን ደስ አላለኝም። እማማ የሚፈሩት መስተፋቅር ይሄው ነው። ሰውን ያለ ፈቃዱ ማስወደድ በጨዋታም ቢሆን አዝማሪዬ እንዲይዘው አልፈልግም። አዝማሪ ልብ ያለሰልሳል፣ ልብ አይሰርቅም። በሱ ቦታ ዲሶናንት ዊስፐርስን አስገባሁ፤ ጠላት ጆሮ ውስጥ የሚያመው ሹክሹክታ ነው። ባለ 6 ገጽ ሦስት ዳይስ ጉዳት አለው፣ ይህም ቀላል አይደለም። የወደድኩት ግን ጠላት እንዲሸሽ ስለሚያስገድደው ነው። ሲሸሽ ጓደኞችህን ጥሎ ማለፍ አለበት፣ እነሱም ሲያልፍ ይመቱታል። እኔ እሰጣለሁ፣ እነሱ ይቀበላሉ።

በስሊፕ ፋንታ ፌሪ ፋየር መጣ። ጠላትን በብርሃን ያጥለቀልቀዋል፣ የሚመታው ሰውም ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል። ጉዳቱ ዜሮ ነው። እኔ በዚያ ተራ ማንንም አልነካም። መካኒኩ ግን ቀስቱን ሲስብ ፊቱ ላይ የማየው ደስታ አለ። ሄሮይዝምን ደግሞ በአዲስነት ጨመርኩ። አንድ ጓደኛህን ከፍርሃት ነጻ ያደርገዋል፣ በየተራውም ትንሽ ትርፍ ጉልበት ይሰጠዋል። ጎንደሬ ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሽለላ ነው። ቀረርቶ ነው። ባርድ ሲፈጠር ጀምሮ ያለው ኢንስፒሬሽን የሚባል ስጦታም ያው ዘመዱ ነው፤ ለጓደኛህ አንድ ዳይስ ታበድረዋለህ፣ በጨነቀው ጊዜ ይጨምረዋል።

ታዲያ ፌሪ ፋየርንና ሄሮይዝምን አብሮ ማስኬድ አይቻልም። ኮንሰንትሬሽን የሚባል ሕግ አለ። ጊዜ የሚቆዩ ስንኞች ትኩረት ይፈልጋሉ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ትይዛለህ። ሁለተኛውን ስትጀምር የመጀመሪያው ይጠፋል። ሰው ከመታህም ሊበጠስ ይችላል። መጀመሪያ ይሄ ሕግ ያናድደኝ ነበር። አሁን መሲንቆውን ነው የማስበው። ጅማቱ አንድ ነው። ስለዚህ ስምንት ስንኝ ስትመርጥ ስምንቱም ትኩረት የሚፈልጉ ከሆኑ ሰባቱ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እኔ አራቱን እንዲህ፣ አራቱን እንዲያ አድርጌ ነው የያዝኩት። ጠንቋዮችን ዝም የሚያሰኘው ሳይለንስ እና ብዙ ጠላት የሚያደነዝዘው ሂፕኖቲክ ፓተርን ትኩረት ይፈልጋሉ። የፈውስ ቃሉና ሹክሹክታው አይፈልጉም።

ከሁሉም የምወደው ግን ትንሿ ናት። ሌቭል 4 ላይ ሦስተኛ ካንትሪፕ ሲጨመርልኝ ቪሸስ ሞከሪን ያዝኩ። ሽሙጥ አልናት። ጠላትን ትሰድበዋለህ፣ ስድቡ ያመዋል። ጉዳቷ ትንሽ ነው፤ ሌቭል 5 ላይ እንኳ ባለ 4 ገጽ ሁለት ዳይስ። ነገር ግን የተሸሞጠው ጠላት ቀጥሎ ሲመታ ሁለት ዳይስ ይጥልና ትንሹን ይወስዳል። አያልቅም፣ የፈለግኩትን ያህል እለዋለሁ። ሕጉ ላይ ያለች አንዲት ነገር ደግሞ ስታስደስተኝ ትኖራለች፦ ጠላቱ ሊሰማህ ይገባል፣ የምትለው ሊገባው ግን ግድ አይደለም። ሰሙን ሰምቶ ወርቁ ሳይገባው ሊያመው ይችላል ማለት ነው። ይህንን የጻፉት ሰዎች ስለ ሰምና ወርቅ ያስቡ ነበር አልልም። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ቤቱን አገኘ።

ጠረጴዛችን ላይ ሽሙጥ ለመጠቀም ስንኙን በአፍ ማለት ግዴታ ነው። ዝም ብሎ «ሸሞጥኩት» አይቻልም። ሌሎቹም «ተቀበል» ብለው ሊሰጡኝ ይችላሉ። መካኒኩ በዚህ ላይ ጎበዝ ሆኗል። ሳምንቱን ጋራዥ ውስጥ ሲያስብ የከረመውን ቅዳሜ ይዞ ይመጣል።

በቅርቡ ሌቭል 6 እንደርሳለን። የያዝኩት መንገድ ኮሌጅ ኦፍ ሎር ስለሆነ ያኔ ከየትኛውም ሙያ ሁለት ስንኝ መውሰድ ይፈቀድልኛል። ሁሉም ፋየርቦል ይሉኛል፣ ባለ 6 ገጽ ስምንት ዳይስ እሳት። የሌላውን አስማት የሚያከሽፈውን ካውንተርስፔል ሳልይዝ አልቀርም። ሁለተኛውን ገና አልወሰንኩም። ነርሷን እጠይቃታለሁ ብያለሁ።

እሷ ተመልሳለች። የሟቿን ታናሽ እህት ነው ይዛ የመጣችው፣ ያንኑ ጋሻ አንግባ። ባለፈው ቅዳሜ ተራኪያችን ወደዚያው ድልድይ መለሰን። ኦገሩ ብቻውን አልነበረም፣ ከሱ የሚበልጥ ግዙፍ አብሮት ቆሟል። እህትየው ድልድዩ መሐል ደርሳ ጉልበቷ አልቆ አራት ነጥብ ቀርቷታል። ትኩረቴ ፌሪ ፋየር ላይ ነው፣ እሱን መልቀቅ አልችልም። የፈውስ ቃሌን ጨርሻለሁ። ሽሙጥ ነው ያለኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ስንኝ አልመጣልኝም። መካኒኩም ዝም አለ።

እማማ ቶናውን እየቀዱ ነበር። ጀበናውን እንደያዙ ወደኛ ዞሩ።

«ምን ያህላል ሰውየው?»

«እንደ ዋርካ ነው እማማ» አለ ልጃቸው።

ጥቂት አሰቡ። ከዚያ፣ «ተቀበል ልጄ» አሉኝ።

«ቁመትህ የዋርካ፣ ጥላህ የቁልቋል።»

ተቀበልኩ። ተራኪያችን ለግዙፉ ዳይስ ጣለ፣ 3 ወጣ። ያዘው። ግዙፉ ዱላውን ሲያነሳ ሁለቱን ዳይሶች አንድ ላይ ወረወረ። አንዱ 17 ነው። ሁላችንም ሌላኛውን አየን። ጠረጴዛው ዳር ድረስ ተንከባሎ ሲኒው ጋ ቆመ። 4።

ነርሷ ወንበሯን ወደፊት ሳበችና ዳይሱን አነሳች። ተራዋ ነበር።